ቲኪ ባሩና የእድሩ ድንኳን

አሜሪካ ይህን ያህል ዘመን ኖሬ ከእንግዲህ የሚያስደነግጠኝ ነገር የለም ብዬ ነበር። በበረዶው ደንግጬ ጨርሻለሁ። የቀዘቀዘ ሐይቅ ላይ መኪና ሲነዱ አይቼ ጮኼ ጨርሻለሁ። በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ደግሞ ሰው በቁሙ የቀብር ልብሱን ሲመርጥ፣ «ይሄ ያወፍረኛል» ብሎ ሲመልስ አይቻለሁ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ እኔ ግን ድርሻዬን ሰምቻለሁ ብዬ በተቀመጥኩበት፣ ጉዱ በገዛ ባሌ እጅ በገዛ ጓሮዬ ተሠራ።

ቤታችን ሚኒሶታ፣ ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ነው፣ ከመንገድ ጥግ ላይ፤ ጓሯችን ለአላፊ አግዳሚው ወለል ብሎ ይታያል። አንድ ቀን ከሥራ ተመልሼ በጓሮ በኩል ስገባ ሦስት ሰዎች ሣሩ ላይ ቆመው አየሁ። ሰዎች አልነበሩም። ከግንድ የተፈለፈሉ፣ ቁመታቸው እስከ ደረቴ የሚደርስ ፊቶች ነበሩ። አንዱ ጥርሱን አግጥጧል፣ አንዱ ዓይኑን አፍጥጧል፣ ሦስተኛው ምላሱን እስከ አገጩ አውጥቷል። የያዝኩት አስቤዛ ከእጄ ወደቀ፣ «በስመ አብ» አልኩ፣ እንቁላሉም ያኔውኑ ተሰበረ።

ባለቤቴ ከኋላቸው ብቅ አለ፤ ፊቱ የሠርግ ቤት መስሏል። ከአጥር ማዶ የሚኖሩት አሜሪካዊ ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጡ አናጢ ናቸው፣ ልጃቸው ከቤቱ ሥር ያለውን ቤዝመንት ባዶ አድርግ ብላ ስላስጨነቀቻቸው ዕቃውን ሁሉ ለእሱ ሰጥተውታል። ቲኪ ባር ልሠራ ነው አለኝ። ምንድነው እሱ ብዬ ስጠይቀው፣ በውቅያኖስ መካከል ባሉ ሞቃት ደሴቶች አምሳል የሚሠራ የመጠጥ ጎጆ ነው፣ አሜሪካኖች በጓሯቸው ይሠሩታል፣ ቀርከሃ አለው፣ እነዚህ ፊቶች አሉት፣ ጣራው ሣር ነው ብሎ አብራራልኝ።

ጣዖቶቹን ረስቼ በጣራው ደነገጥኩ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የታገለው ከሣር ክዳን ለመውጣት ነበር፤ ቤታችንን ቆርቆሮ ያለበሰ ዕለት ሰፈሩን ጠርቶ ደግሷል። እኔ ደግሞ ውቅያኖስ አቋርጬ፣ ሚኒሶታ ገብቼ፣ ባሌ ሣር ሊከድንልኝ ነው። ያን ዕለት ማታ ለእሱ ያልነገርኩት ነገር አልቀረም። እሱ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲጮህበት ስለሚውል የእኔን ጩኸት እንደ ሬዲዮ ነው የሚሰማው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ወንድሜ አዲስ አበባ ታሞ ነበር። ታላቄ ነው፤ ጋሼ ነው የምለው። አባትና እናታችን ተከታትለው ሲሞቱ እኔን ያሳደገኝ እሱ ነው። አውቶቡስ ላይ ትኬት እየቆረጠ አስተማረኝ፣ እኔን ሳይድር ሚስት አላገባም አለ፣ አላገባምም። አሁን ኩላሊቱ ደክሞ በማሽን ነው የሚታጠበው። ቅዳሜ ቅዳሜ በቪዲዮ እንገናኛለን፤ ፊቱ በየሳምንቱ ያንሳል፣ ቀልዱ ግን አያንስም።

ባለቤቴ ሂጂና እዪው ይለኝ ነበር። እኔ ግን ነገሩን አስቤ ጨርሼዋለሁ። ከሥራ ረጅም ቫኬሽን የሚሰጡኝ በዓመት አንዴ ነው። አሁን ሄጄ ጠይቄው ብመለስና ከዚያ በኋላ ቢሞት፣ ለአርባው እንኳ መድረስ አልችልም። ያሳደጋት ወንድሟ ሞቶ አልሄደችም ሊባል ነው። ስለዚህ ፈቃዴን ለሞቱ አስቀምጬው ነበር። አሁን ስጽፈው ያሳፍረኛል፤ ያኔ ግን ብልህነት መስሎኝ ነበር፣ እዚህ አገር እንደኔ የሚያስበው ሰውም ጥቂት አይደለም። ባለቤቴ አንድ ቀን ብቻ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ብሎኝ ወጣ። እሱ የራሱን ቫኬሽን ወሰደና ለቲኪ ባር አዋለው።

ሥራው ሲጀመር በመስኮት ነበር የምከታተለው። ጎረቤታችን ወንበራቸውን ይዘው ይመጡና ተቀምጠው እንዲህ አድርግ እያሉ ያዙታል። ቀርከሃው በሚስማር አይመታም፣ ይሰነጠቃል፤ በገመድ ነው የሚታሰር። ባለቤቴ ገመዱን ሲያስር እሳቸው ይፈቱታል፣ እንደገና ያስራል። መደርደሪያው ከጋራዣቸው የተነቀለ አሮጌ በር ነው፤ አግድመው አስተኝተው በቫርኒሽ ቀቡት፣ የእጀታው ቀዳዳ እንኳ እንዳለ ነው። ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ሄዶ ከእስያውያኑ ሱቅ የቀርከሃ ምንጣፍ አመጣና ከፊት ለፊቱ አለበሰው። የዓሣ መረብ ሰቀለ፣ የታንኳ መቅዘፊያ ሰቀለ፣ ከዚያ ከአገር ቤት ያመጣነውን ሰሌን ከሻንጣ አውጥቶ ከመረቡ ጎን ሰቀለ። ሰሌኑ ከማንኛውም የደሴት ዕቃ በላይ የደሴት ዕቃ መሰለ፤ ጎረቤታችን ከየትኛው ደሴት ነው ብለው ጠየቁ።

ጣዖቶቹን ግን አልታረቅኳቸውም። ጠዋት ጠዋት መስኮት ስከፍት የማየው የእግዚአብሔርን ፀሐይ ሳይሆን ያን ምላስ ነው። ከሥራ የገላ መታጠቢያ ቆብ አመጣሁና ሦስቱንም እስከ አገጫቸው አለበስኳቸው። በማግስቱ ጎረቤታችን ቆቦቹን አይተው ሳቁ እንጂ አልተቆጡም። ፊቶቹን የፈለፈሉት ራሳቸው ናቸው። ሚስታቸው ታመው አልጋ በያዙበት ክረምት ነው የሠሯቸው፤ ምላሱን ያወጣውን እሳቸውን ለማሳቅ ብለው ነው። ሳቁ ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ስቃ ስቃ ሳል ያዛት አሉና ወደ ቀርከሃው ዞሩ። ቆቦቹን ያን ዕለት አነሳሁ። በባሩ ዙሪያ ያሉትን ትናንሽ መብራቶች የሰቀልኩት እኔ ነኝ፤ ይህንን ለማንም አልተናገርኩም ነበር።

የጣራው ሣር ሲመጣ ዝናብ መጣ። ሣሩ እሳት እንዳይዘው መድኃኒት ይረጫል፣ እስኪደርቅ ደግሞ ጠብታ ሊነካው አይገባም። ቅዳሜ ከሰዓት ባሩን ሊመርቅ ጎረቤታችንንና ሁለት ሹፌር ጓደኞቹን ጠርቷል። ሰማዩ አይቶ አላዘነለትም። ታዲያ ባሌ ምን አደረገ? እድራችን ድንኳን አለው። ድንኳኑ፣ ወንበሮቹና ትልልቆቹ ድስቶች ፍሮግታውን በሚባለው ሰፈር አንድ አባላችን ጋራዥ ውስጥ ነው የሚቀመጡት። ሰውየው መንገድ ላይ ነበርና ሚስቱ በሩን ከፈተችለት። ምንም አልጠየቀችውም፤ አንገቷን ደፍታ አስረከበችው፣ ወንበርም ጨመረችለት። ዘንድሮ ሰው ሰላምታ እንኳ ጠፋበት ብሎ እያማት መጣ።

እኔ ከሥራ ስመለስ ያ ድንኳን ጓሮዬ ላይ ተተክሏል። ያንን ድንኳን የማያውቅ አበሻ በዚህ ከተማ የለም፤ በአንድ ለቅሶ ነፋስ ቀዶት በቡናማ ጨርቅ ተጥፏል፣ ጥፉ ከሩቅ ይታያል። ከለቅሶ ሌላ ቦታ ተተክሎ አያውቅም። አንተ ሰውዬ የሞት ድንኳን በቤቴ ላይ ታሟርታለህ ወይ ብዬ ጮኽኩ። ቅዳሜ ማታ ይነሳል፣ ሸራ ነው፣ ሸራ ምን ያውቃል አለኝ። ጺሙን ሥራ ከጀመረ አልተላጨም፣ ጉሮሮው ከሣሩ አቧራ ተዘግቷል፤ ሲናገር ራሱ የታመመ ይመስላል። ደክሞኝ ነበር፣ ተውኩት።

አሁን በኋላ የሰማሁትን ልንገራችሁ። የእድራችን ሰብሳቢ ሐሙስ ዕለት ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ በመንገዳችን አለፈች፤ ጥፉን አየች። ፍጥነቷን ቀነሰች፣ ባለቤቴን ጺሙን አሳድጎ ወንበር ሲደረድር አየችው። ወንድሜ መታመሙን ታውቃለች፤ በጸሎት አስቡት ብዬ ያስነገርኩት ራሴ ነኝ። ለባለቤቴ ብትደውል መሰላል ላይ ነበርና በዚያ በተዘጋ ድምፁ አሁን አልችልም ብሎ ዘጋው። እኔ ጋ አልደወለችም፣ እንዴት ትደውላለች? መርዶ በስልክ አይነገርም። ባለቤቷ ደብቆ ይዟል፣ ቅዳሜ ማለዳ ሊያረዷት ነው ብላ ደመደመች። ለአንዷ ነገረች፣ አንዷ ለሌላዋ። ማን ነው የሞተው፣ መቼ ነው፣ ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። ለቅሶ ነው ከተባለ ነጠላ አንስቶ መሄድ እንጂ ምርመራ ነውር ነው።

ቅዳሜ ማለዳ የመኪና በር ሲዘጋ ሰምቼ ነቃሁ። ቀጥሎ ሌላ በር፣ ሌላ በር። የሰው እግር በጎን በኩል ሣሩን እየረገጠ ወደ ጓሮ ይሄዳል፣ ድምፅ ግን የለም። መጋረጃውን ገለጥ አደረግኩ። ድንኳኑ ሥር ሴቶች ጥቁር ለብሰው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ወንዶቹ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ሰብሳቢዋ ፊት ቆማ ወደ መኝታ ቤቴ መስኮት ቀና ብላ አየችኝ፤ ዓይን ለዓይን ተጋጨን፣ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

ክው አልኩ። ስለ ባሩ አላሰብኩም፣ ስለ ጥፉ አላሰብኩም። ሰው ለዓመታት ሲጠብቀው የኖረ ነገር ሲመጣ ማስረጃ አይጠይቅም። ጋሼ ሞቷል፤ ሁሉም ያውቃል፤ የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ከአልጋው ሥር ወድቄ «ወንድሜን፣ ወንድም ጋሼን» ብዬ ጮኽኩ።

ጩኸቴ በመስኮት ሲወጣ ጓሮው አብሮ ፈነዳ። እኔ ሳለቅስ ያሰቡት ልክ ሆነላቸው፣ እነሱ ሲያለቅሱ የፈራሁት ልክ ሆነብኝ። ባለቤቴ ብርግግ ብሎ ተነሳ። እኔን መሬት ላይ አየ፣ ውጭ ያለውን ሰው አየ፣ ሌሊት ስልክ መጥቶላት ሰው ጠርታለች ብሎ አሰበ። ምን ሆንሽ ብሎ አልጠየቀኝም። አጠገቤ ተንበረከከና አቅፎኝ ይንሰቀሰቅ ጀመር፤ ባለቤቴ ሲያለቅስ ስለማላውቅ፣ እሱ ካለቀሰማ አለቀ ብዬ ይበልጥ ጮኽኩ። በዚያች ቤት በዚያች ሰዓት ወንድሜ መሞቱን የሚጠራጠር አልነበረም፣ መሞቱን የሰማ ሰውም አልነበረም።

ነጠላ አልብሰው፣ ደግፈው አወጡኝ። ቲኪ ባሩ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጡኝ፤ በአንድ ጎኔ ሰብሳቢዋ፣ በሌላው ጎኔ ያ ዓይኑን ያፈጠጠው ግንድ። ሴቶቹ አይተውት የማያውቁትን ወንድሜን ደጉ፣ ሩህሩሁ፣ ያባት ምትኩ እያሉ አነሱት፤ ደግሞ ሁሉም እውነት ነበር። ንፍሮ በትሪ መጥቶ ያ በር መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። አንዲት እናት ለቅሶው ጉሮሯቸውን አድርቆት ውሃ ሲሉ፣ ሌላዋ ዕቃ አጥታ ከመደርደሪያው እንደ ጣዖቶቹ ፊት ያለው የቲኪ ኩባያ አንስታ ሰጠቻቸው። ጥርሱን ባገጠጠ ጣዖት ውስጥ ውሃቸውን ጠጥተው ወደ ልቅሷቸው ተመለሱ። ይህንን በዓይኔ እያየሁ አልሳቅኩም። የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ፈቃዴ አለኝ፣ እሱ ግን የለም። ለአርባው እደርሳለሁ። ደርሼስ ማንን ነው የማየው? ይህ ሐሳብ እንደ ስለት ገባብኝ። ያስቀመጥኩት ቀን ሁሉ እጄ ላይ አለ፣ የሚሰጠው ሰው ግን ሄዷል።

ጎረቤታችን የመጡት ያኔ ነው። ምርቃቱ ከሰዓት ነው ቢባልም ሽማግሌ ናቸውና በጠዋት ሊረዱ አስበዋል። ቀይና ቢጫ አበባ የተሞላ ሸሚዝ ለብሰዋል፣ በክንዳቸው አናናስ ታቅፈዋል። በአጥሩ በር ገብተው ያን ሁሉ ጥቁር ልብስ ሲያዩ ቀጥ ብለው ቆሙ፤ አናናሱን ቀስ ብለው ሣሩ ላይ አስቀመጡት። ወደ ባለቤቴ ሄደው ማን ነው የሞተው ብለው ጠየቁት። ወንድሟ አላቸው። ወደ እኔ መጥተው እጄን ያዙ፣ በጣም አዝናለሁ አሉኝ፣ መቼ ሰማሽ አሉኝ።

«አሁን፣ ከእነሱ ነው» አልኳቸው፣ በእንግሊዝኛ።

ወደ ሰብሳቢዋ ዞረው፣ ለእናንተስ ማን ነገራችሁ አሉ። ሽማግሌው ነውር መሥራታቸውን አያውቁም፤ በአገራቸው ሰው ሲሞት ይህ ይጠየቃል። ሰብሳቢዋ ወደ ባለቤቴ አየች። ባለቤቴ ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ እሷ አየሁ። ልቅሶው ከፊት ተጀምሮ ወደ ኋላ ዝም እያለ ሄደ፣ ከበስተኋላ ነገሩ ያልደረሳቸው ሁለት ሴቶች ብቻ ትንሽ ቀጠሉ።

«ድንኳኑ ነዋ» አለች ሰብሳቢዋ። «ድንኳኑን አየሁ።»

ባለቤቴ አፉን ከፈተ፣ ቀና ብሎ ድንኳኑን አየ፣ በውስጡ ያለውን ሣር አየ። «ዝናብ ነው» አለ። «ለዝናቡ ነው የተከልኩት።»

ሰው ይስቃል ብላችሁ ከሆነ ማንም አልሳቀም። ለቅሶ ለሌለበት ቤት ማልቀስ ትልቅ ሟርት ነው፤ ሁሉም እጁን አፉ ላይ ጭኖ ቀረ። እኔ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ፍርሃት ያዘኝ። ማንም አልነገራቸውም ማለት አልሞተም ማለት ነው ወይ? ከድንኳኑ የመጣው ወሬ ውሸት ቢሆንም፣ ልቤ ውስጥ የገባው ሞት ግን አልወጣ አለኝ። ስልኬን ከወጥ ቤት አመጡልኝ። ሰብሳቢዋ ራሷ ቁጥሩን አውጥታ፣ በቪዲዮ ደውላ፣ ፊቴ ላይ ያዘችልኝ። እዚህ ሲነጋ እዚያ ከሰዓት ነው። ጠራ። ጠራ።

ግንባሩ መጀመሪያ ታየ፤ ሁልጊዜ ስልኩን አቅርቦ ነው የሚይዘው። ከዚያ ዓይኑ። ነጠላዬን፣ ፊቴን፣ ዙሪያዬን ያሉትን ጥቁሮች አየና ደነገጠ።

«ሚጣዬ፣ ምንድነው? ማን ሞተ?»

«አንተ» አልኩት።

ከዚያ በላይ መናገር አልቻልኩም። ባለቤቴ ስልኩን ተቀብሎ ስለ ጣራው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጥፉ ነገረው፣ ይቅርታ ጋሼ እያለ፤ ሰብሳቢዋም ጥፋቱ የኔ ነው እያለች በጎን ገባች። ወንድሜ ሳቀ። ሳል እስኪይዘው ሳቀ፤ እኔ በዚያ ሳል ውስጥ የጎረቤታችንን ሚስት አሰብኳቸው። ከዚያ ሳቁ ቆመና ስልኩን ለእሷ ስጣት አለ።

«ሰው መጣ?» አለኝ።

«መጣ።»

«ብዙ?»

«ጓሮው ሞልቷል፣ ጋሼ።»

«እስቲ አሳዪኝ።»

ስልኩን አዞርኩት። ሰዉ የሚያደርገው ጠፋው። አንዳንዱ ከወንበሩ ብድግ አለ፣ አንዳንዷ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች፣ በጣም ሲያለቅስ የነበረ አንድ የታክሲ ሹፌር እጁን አውለብልቦ እንዴት ዋሉ ጋሼ አለ። እያንዳንዱን ፊት እንዲያይ ቀስ ብዬ ነበር የማዞረው። የአበባ ሸሚዝ የለበሱት እሳቸውስ አለኝ። ጎረቤታችን ናቸው አልኩት። እሳቸውም ለእኔ ነው ወይ የመጡት አለ፤ እኔም አዎ አልኩት፣ ጎረቤታችን ምን እንደተባለ ሳያውቁ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም አሉት። ያ ምላሱን ያወጣውስ የማን ወገን ነው አለ። ያኔ ሴቶቹ መሳቅ ጀመሩ፣ እያለቀሱ።

«ምን ምን አሉኝ?» አለኝ ስልኩን ወደ ራሴ ስመልሰው።

«ደግ ነበር አሉ። ያባት ምትክ ነበር አሉ።»

ሲናገር ቀልዱ ከድምፁ ወጥቶ ነበር።

«እንግዲህ ለእኔ ተለቅሷል፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ለአርባዬ እንዳትመጪ። አሁን ነይ፣ ሚጣዬ። አሁን እኮ አለሁ።»

ፈቃዴን ለምን እንዳስቀመጥኩት አንድ ቀን ነግሬው አላውቅም። ያሳደገኝ ሰው ነው፤ ልቤን ያውቀዋል ማለት ነው። እመጣለሁ አልኩት፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት።

ሰዉ ወደ ቤቱ አልሄደም። ንፍሮው ተበላ። ጎረቤታችን አናናሱን ከሣሩ አንስተው ያ በር መደርደሪያ ላይ ቆረጡት፤ ጊዜው የሐዋርያት ጾም ስለነበር የባለቤቴ ቲኪ ባር በጭማቂ ተመረቀ። ሰብሳቢዋ በየጣዖቱ ኩባያ እየቀዳች ታድላለች፣ ካደለች በኋላ ደግሞ ትዝ ሲላት «ወይኔ ጉዴ» ትላለች። ዝናቡ ከሰዓት መጣ። ድንኳኑ አንድ ጠብታ አላሳለፈም።

ሰኞ ቫኬሽኔን ጠየቅኩ፣ በሐምሌ ሄድኩ። ወንድሜ ማሽኑ ላይ ተኝቶ ለነርሷ፣ ለጥበቃው፣ አጠገቡ ለተኛው በሽተኛ ሁሉ እኔ የተለቀሰልኝ ሰው ነኝ እያለ ያወራ ነበር። ሲመሽ ጉለሌ ቤቱ በረንዳ ላይ እንቀመጣለን፤ ስለ ሞቱ አላወራንም፣ ስለ አባታችን ቆርቆሮ አወራን። ስንለያይ አላለቀስኩም። ይህ ራሱ አስደነገጠኝ።

በተከታዩ ግንቦት ሞተ። ባለቤቴን እንዳትደብቀኝ፣ ሰው እንዳትሰበስብብኝ ብዬ አስምዬው ነበርና ራሱ ነገረኝ፣ ባሩ ጋ አስቀምጦ፣ እጄን ይዞ። ከሄድኩ ዓመት አልሞላኝም፤ ፈቃድ አልነበረኝም። ለአርባው አልሄድኩም። ባለቤቴ ፍሮግታውን ሄዶ ድንኳኑን አመጣና ባለፈው ቦታ ላይ ተከለው። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሰብሳቢዋ ደወለች። እኛ ዘንድ የማይጠየቀውን ጠየቀችኝ።

«እህቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ እውነት ነው?»

«እውነት ነው» አልኳት።

ስልኩ ውስጥ ማልቀስ ጀመረች። በዚህኛው ጊዜ የምታለቅስለትን ሰው በመልኩ ታውቀዋለች፤ ጥፋቱ የኔ ነው ብላዋለች። ሌሎቹም እንደዚያው።

ከሁሉም ቀድመው የደረሱት ጎረቤታችን ናቸው። በአጥሩ በር ሲገቡ ያንኑ ቀይና ቢጫ የአበባ ሸሚዝ ለብሰዋል። ባለቤቴ አይቷቸው ሊያፍርላቸው ነበር፤ በአበሻ ለቅሶ ላይ ጥቁር እንደሚለበስ አሁን ያውቃሉና። አጠገቤ፣ ምላሱን ካወጣው ግንድ ጎን ተቀመጡ። ጥቁር ኮት እንዳላቸው፣ አውጥተው አልጋ ላይ ዘርግተው መልሰው እንደሰቀሉት ነገሩኝ።

«እሱ የሚያውቀኝ በዚህ ሸሚዝ ነው» አሉኝ።